ሃስኬት ይሂድ አይሂድ

በዚያ ጁላይ ካሎዌይ ውስጥ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው አንድ ነበር፦ ሃስኬት ይሂድ ወይስ አይሂድ? ፀጉር አስተካካዩ አንገትህ ላይ ምላጭ አሳርፎ "አንተስ ምን ትላለህ?" ይልሃል። እንግዲህ ምላጭ አንገትህ ላይ እያለ ምን ትላለህ? "አንተ እንዳልከው" ትላለህ። ጥርስ ሐኪሙም ያው ነው። አፍህን በብረት በርግዶ ይጠይቅህና "ኧ ኧ" ስትል፣ "እኔም እንደዛ ነው የምለው!" ብሎ ይነቅልሃል።

እኔን ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይጠይቁኝ ነበር። ላይል ሃስኬት የከተማው ቤዝቦል ቡድን፣ የጀልበኞቹ፣ ኳስ ወርዋሪ ነው፣ እኔ ሮይስ ደግሞ ቀላቢው ነኝ። እሱ ጉብታው ላይ ቆሞ ይወረውራል፣ መቺው በዱላው ይስታል፣ ወይም አይስትም፣ እኔ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብዬ እቀልባለሁ። በቃ ሥራዬ ይሄ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ቁጢጥ አልኩ፣ እስካሁን አልተነሳሁም።

ሃስኬት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በሌላ ሥራ ቢሆን ገና ጎልማሳ ነው፣ በኛ ሥራ ግን ቅድመ አያት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጀልበኞቹ ማልያ ሌላ ለብሶ አያውቅም። ድሮ ኳሱ ሲመጣ አይታይም ነበር ይላሉ። ጓንቱ ውስጥ "ጧ!" ሲል ነው መምጣቱ የሚታወቀው። እኔ የደረስኩበት ጊዜ ግን ኳሱ እየመጣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ታነባለህ። እኔ እንኳን አነባለሁ፣ ከማንበብ ጋር እምብዛም ሳንተዋወቅ። ጉልበቱ ሄዶ ተንኮሉ ነው የቀረለት። መቺው ወደ ግራ ሲጠብቅ ቀኝ ይልካታል፣ ሲቸኩል ያዘገያታል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ይቺን ኳስ በፖስታ ነው እንዴ የላክሃት?" እለዋለሁ።

"ዝም ብለህ ቅለብ፣ አንተ ቅንቅን" ይለኛል።

ቅንቅን ነበር የሚለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

በዚያ ዓመት የጀልበኞቹ ጀልባ ሰምጦ መቅዘፊያውን ብቻ ይዘን ቀርተናል። ከሊጉ ግርጌ ነን። ከምዕራብ ጠረፍ ደግሞ አንደኛ የሚመራ ቡድን "ሃስኬትን ስጡን፣ ሁለት ብርቱ ልጆች እንሰጣችኋለን" አለ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን "ይሂድ! እዚህ ከነዚህ ጋር ምን ይሠራል? አንዴ እንኳን ሻምፒዮን ሳይሆን ክንዱ ሊያልቅ ነው፣ ለሱም ይበጀዋል ለኛም" ይላል። ሌላው "ቤቱን የሠራውን ሰው ከቤት ታስወጣለህ? እናትህንም ለውጣት እንግዲህ!" ይላል። ዱላ ቀረሽ ነበር።

ግን ከተማው ቢጮህም ባይጮህም ነገሩ ያለው ሃስኬት እጅ ላይ ነው። እኛ ዘንድ "አሥር-አምስት" የሚባል ደንብ አለ። አሥር ዓመት በሊጉ የቆየ፣ ከዛ ውስጥ የመጨረሻውን አምስት በአንድ ቡድን የሠራ ሰው፣ ራሱ ካልፈረመ በቀር ማንም ለማንም አይሰጠውም። ሥራ አስኪያጃችን ፕሬንቲስ፣ ነጭ ስኒከር የሚያደርግ፣ ሲያናግርህ ኮምፒውተሩን እንጂ አንተን የማያይ ልጅ፣ ሦስት ጊዜ ወረቀት ይዞ መጣ። ሃስኬት ሦስት ጊዜ "አልፈርምም" አለው።

"ምክንያትህን ብቻ ንገረኝ" ይለዋል ፕሬንቲስ።

"የዚህን ከተማ ሙቀት ለምጄዋለሁ።"

ድንቄም ሙቀት! ትክክለኛውን ምክንያት የማውቀው እኔ ነበርኩ። መንጃ ፈቃዴን ቀምተውኝ (ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ የቀማኝ ፖሊስ እስካሁን ይስቃል) ሃስኬት ነበር በመኪናው ወደ ስታዲየም የሚወስደኝ። ፊት ወንበር ላይ አባቱ ሚስተር ክሌም ይቀመጣሉ፣ እኔ ከኋላ።

ሚስተር ክሌም ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ሐሳባቸውም እየጠፋ ነው። ቤታቸው ውስጥ ከመኝታ ቤት ወጥተው ኩሽናው ይጠፋቸዋል። የሞተች ሚስታቸውን "ዶሪ፣ ይሄ በር የማነው?" ብለው ይጣራሉ። ቁርስ የበሉትን ምሳ ላይ አያውቁትም። ስታዲየም በር ላይ ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከበሩ እስከ ወንበራቸው ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነው፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ይሄዳሉ፣ እጃቸውን የያዘ ሰው ካለ ይቆጣሉ። ወንበራቸው ከጉድጓዱ በላይ ሦስተኛው ረድፍ፣ ደረጃው ዳር ነው። ጉድጓዱ የምንለው ተጫዋቾች የምንቀመጥበትን፣ ከሜዳው ዝቅ ብሎ የተሠራውን ቦታ ነው። እዛ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይቀመጡና ጨዋታውን አንድ ሳይስቱ ይከታተላሉ። ስንተኛ ዙር እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ይነግሩሃል። ኩሽናቸውን ጠይቃቸው፣ የለም።

አንድ ቀን መኪና ውስጥ "ሽማግሌ፣ ቀለበት አያምርህም?" አልኩት ሃስኬትን። ሻምፒዮን የሆነ ሁሉ ቀለበት ይሰጠዋል።

"ያምረኛል" አለ። ከዛ በአገጩ አባቱን አሳየኝ። እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። "ሌላ ስታዲየም ብወስደው ወንበሩን አያገኘውም። እዚህ ጥዬው ብሄድ የሚያመጣው የለም። ያንን ወንበር ደግሞ ነቅዬ ይዤ አልሄድ።"

"ነርስ ቅጠርላቸው።"

"ቀጥሬ ነበር። 'ሌባ' ብሎ አባረራት።"

በቃ ይሄ ነው ምክንያቱ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፣ አልተናገርኩም። እኔ ብዙ ነገር ነኝ፣ ወሬ አቀባይ ግን አይደለሁም።

አሁን ስለ ማቀፍ ልንገራችሁ፣ ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው።

የተጫዋች ልውውጡ የሚዘጋው የጁላይ መጨረሻ ቀን ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንዳንዴ ሰውየው እየተጫወተ እያለ ይለወጣል። ያኔ አሠልጣኙ ከሜዳ ያስወጣውና ጓደኞቹ ጉድጓዱ ውስጥ ተሰልፈው አንድ በአንድ ያቅፉታል። ማንም አፉን ከፍቶ "ተለወጠ" አይልም፣ ማቀፉ ይናገራል። ስለዚህ በነዚያ ቀናት ካሜራዎቹ ኳሱን ትተው ጉድጓዳችንን ነው የሚያዩት፣ ማን ማንን አቀፈ ብለው። እኛም እናውቃለን። ስለዚህ የጁላይ መጨረሻ ሰው ሰው አያቅፍም። ጎበዝ መትቶ ሲመለስ እንኳን በቡጢ ነካ አድርገህ ታልፈዋለህ። ሚስትህንም ካሜራ ፊት አታቅፍም፣ ተፋታ ይባላል።

ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የከሰዓት ጨዋታ ነበረን። ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ገብቷል፣ ለኛ ይሄ ብዙ ነው፤ ሃስኬት ሊወረውር ነው ተብሎ ነው የመጡት። ስድስት ዙር ወረወረ። ሁለት ለሁለት ነን። አሠልጣኛችን ቡርክሃርት፣ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ እየበላ ልጣጩን ጫማህ ላይ የሚተፋው፣ "ላይል፣ ለዛሬ በቃህ" አለው። ዘጠና ስንት ኳስ ወርውሯል፣ ክንዱ ደክሟል። ሌላ ምንም ነገር አልነበረም።

ሃስኬት ቆቡን አውልቆ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ካሜራው ፊት ለፊታችን ቀይ መብራቱን አብርቶ አፍጥጧል። እኔ ስድስት ዙር ቁጢጥ ብዬ ጉልበቴ ነዶ፣ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ፣ ሰልችቶኝ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል ሰይጣን የለበትም፣ እኔው ነኝ። ተነሳሁና ሃስኬት ላይ ጥምጥም አልኩበት።

"ወይኔ ሽማግሌዬ! ወይኔ አሳዳጊዬ! ለማን ጥለኸኝ ትሄዳለህ!"

"ልቀቀኝ አንተ ቅንቅን፣ ትሸታለህ" አለኝ እየሳቀ።

"ካሜራው እያየን ነው፣ ትንሽ አልቅስ። ለአገር ስትል አልቅስ!"

ሳቀ። እንኳን ሳቀ እላለሁ አሁን፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ጀርባውን እየመታሁ፣ ራሱን እየሳምኩ፣ ትከሻዬን እያንቀጠቀጥኩ አለቀስኩለት። ያኔ ኤስኪቬል ከኋላዬ መጣ። ኤስኪቬል ከቬኔዙዌላ የመጣ፣ ፉገራና እውነት የማይለይለት ገራገር ልጅ ነው። ሃስኬትን ይዞ የምሩን አለቀሰ። "ላይል፣ ወንድሜ፣ ፈረምክ?" ይለዋል። ሃስኬት መልስ ሳይሰጠው ሌላው አቀፈው፣ ከዛ ሌላው። ግማሹ ፉገራ መሆኑ ገብቶታል፣ ግማሹ አልገባውም። ሰልፍ ሆነ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ ነው።

ከዛ ሰዉ ተነሳ።

አሥራ አንድ ሺህ ሰው ባንዴ ብድግ ሲል ድምፅ አለው፣ ወንበሮቹ ሁሉ ጧ ጧ ብለው ይታጠፋሉ። ከዛ ጭብጨባ። ማቀፉን በትልቁ ስክሪን አይተውታል። "ይሂድ" ይል የነበረው አጨበጨበ። "አይሂድ" ይል የነበረውም አጨበጨበ። ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ፣ አንድ ሰው እንኳን "አይሆንም!" ብሎ አልጮኸም። ቆመው፣ ቆብ አውልቀው፣ እያለቀሱ፣ ሸኙት።

ሃስኬት ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እዛው ደረቀ። ወደ ላይ ወደ ሰዉ አየ፣ ረጅም ጊዜ።

"ቀልድ ነው በላቸው" አለኝ።

"በምን ልበላቸው? ማይክ የለኝ።"

ጓንቱን አነሳና ወደ ውስጥ ወደሚያስገባው መተላለፊያ ሄደ፣ ክንዱን በረዶ ውስጥ ሊያደርግ። ቡርክሃርት ወደኔ ዞሮ የሱፍ ልጣጩን ተፋ። "አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ሰው ታስገድላለህ" አለኝ። እንዲሁ ነው ያለው፣ አፉ ላይ መጥቶለት። እሱ እንደዛ ብሎ ሳይጨርስ ከላያችን አንዲት ሴት ጮኸች።

ሬዲዮው ነው። ሬዲዮው ላይ የሚያወራው ሰውዬ ያየውን ተናገረ፣ "እያቀፉት ነው፣ ሃስኬት እየተሰናበተ ነው፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ…" ምናምን አለ። ይሄ ሁሉ ጆሯቸው ላይ ነበር። ሚስተር ክሌም ተነሱ። ሰማንያ ሁለቱን እርምጃ እንጂ ከወንበራቸው ወደ ታች ስንት ደረጃ እንደሆነ ቆጥረው አያውቁም። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሜዳውን እያየ ስለሆነ ማንም አላያቸውም። ሦስቱን ደረጃ ባንዴ ወረዱት፣ በግንባራቸው።

አጥሩን ዘልዬ ወጣሁ። የደረት መከላከያዬንም የጉልበቴንም አላወለቅኩም። ሲሚንቶው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፣ ጆሯቸው ላይ የነበረችው ሬዲዮ አንገታቸው ስር ሆና አሁንም ታወራለች። ደሙ ብዙ አይደለም፣ ከጆሯቸው ነው የሚወጣው። እጄን ከራሳቸው ስር አደረግኩ። እጃቸው የማልያዬን እጅጌ ዳበሰ፣ የጀልበኞቹን ወፍራም ጥልፍ በጣታቸው አገኙት።

"ላይል?" አሉ።

እኔ ላይል አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። "አቤት" አልኩ።

"የት ልትሄድ ነው? እኔን ማን ያመጣኛል?"

ቁጣ አልነበረም። እንደ ልጅ ነው የጠየቁት። መልስ ጠብቀው ነበር፣ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነበር፣ ባያየኝም። ከዛ ሐኪሞቹ መጥተው ገፈተሩኝና በቃሬዛ ወሰዷቸው። ከዛ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ሃስኬት ክንዱን በረዶ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር ስነግረው። ውሃው እየተንጠባጠበ ሮጠ። ጫማውን ሳይቀይር፣ ብረት ጥርስ ያለውን የሜዳ ጫማ እንዳደረገ፣ መተላለፊያው ላይ ኳ ኳ ኳ እያለ። ጨዋታውን አምስት ለሁለት ተሸነፍን። ማንም አንድ ነገር አላለኝም። ኤስኪቬል ብቻ ሊወጣ ሲል ቆም አለና "ፉገራ ነበር?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሄደ።

ሚስተር ክሌም በማግስቱ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሞቱ።

የመዝጊያው ቀን ነው። ከሰዓት ወደ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሁላችን ስታዲየም ነን፣ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ሃስኬት ገባ። የትናንቱን ሱሪ ነው የለበሰው፣ የሜዳውን አፈር እንደያዘ። ፕሬንቲስ ከቡርክሃርት ቢሮ ወጣና፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደ ሰው ነው የተናገረው። "ላይል፣ ዛሬ ማንም ምንም አይጠይቅህም። ቤትህ ሂድ" አለው።

"ወረቀቱ አለ?" አለ ሃስኬት።

"አለ፣ ግን…"

"ጠብቀኝ። አንተ፣ ና።" የኋለኛው ለኔ ነው።

የበረዶ ማሽኑ ያለበት ክፍል ገባን፣ በሩን ዘጋው። ይመታኛል ብዬ ነበር። መታኝ ብዬ ለራሴ አስቤው ጨርሼ ነበር፣ ጉንጬን ሁሉ አዘጋጅቼ። ወደ ማሽኑ ተደግፎ ቆመ።

"ማን ነው የጀመረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማወቁንስ አውቃለሁ። ካንተ ሌላ ማን ይጀምረዋል። ሰዉ ሲያጨበጭብ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"አንተ ቀለድክ። እነሱ ግን አልቀለዱም።"

ማሽኑ በረዶ ጣለ፣ ዱብ ዱብ አለ።

"ሐኪሞቹ፣ አጠገቡ የደረስከው አንተ ነህ አሉኝ" አለ። "ያኔ ራሱን ያውቅ ነበር?"

"ያውቁ ነበር።"

"ተናገረ?"

እኔ በሕይወቴ ስዋሽ ለሳቅ ነው። ጫማ ውስጥ ጄል አፍስሼ "እኔ አይደለሁም" እላለሁ፣ ቡርክሃርት ቆብ ውስጥ እንቁራሪት ከትቼ "በዝናብ መጥታ ነው" እላለሁ። ያን ቀን ግን "ማን ያመጣኛል" ብለዋል ብዬ ብነግረው፣ ይሄ ሰው ቃሏን ይዟት እስኪሞት ይዞራል አልኩ። ባልለውስ? ምንም አላሉም ብዬ ብነግረውስ? እሱም ያው ነው። ስለዚህ ጥሩ ነው ያልኩትን ፈጠርኩ።

"'ሂድ' ነው ያሉት" አልኩት። "'ሂድና አሸንፍ ልጄ።'"

አየኝ። መቺ ምን እንደሚጠብቅ ሲያጠና እንደሚያየው ዓይነት ነው ያየኝ።

"አባባ 'ልጄ' ብሎኝ አያውቅም" አለ።

"ራሳቸውን ተመትተው ነበር እኮ።"

"እሱስ አዎ" አለ። "ሮይስ።"

በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

"እየፎገርከኝ ነው?"

"አይደለም።"

"ማል።"

"እናቴ ትሙት።"

እናቴ አርካንሶ ናት፣ ደኅና ናት። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውዬ አረጋግጫለሁ።

ሃስኬት በሩን ከፍቶ ወጣና የፕሬንቲስን እስክሪብቶ ከኪሱ መዝዞ፣ ቆሞ፣ ግድግዳው ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ፈረመ። ግድግዳው ሻካራ ስለሆነ ፊርማው ተንቀጥቅጦ ወጣ። ዕቃህን ወዴት እንላክልህ ሲሉት "አትላኩልኝ፣ ጣሉት" አለ። ሦስት ቀን ቆይቶ አባቱን ቀብሮ በረረ። ቀብሩ ላይ ከቡድኑ ሁሉም ሄደ፣ እኔ ግን ከሩቅ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምኩ።

በሱ ፈንታ ከመጡት ሁለት ልጆች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀላቢ! ሃያ አንድ ዓመቱ፣ ክንዱ እንደ መድፍ። ቡርክሃርት ጠራኝና "ሮይስ፣ ዕቃህን ሸክፍ" አለኝ። ወደ ታችኛው ሊግ፣ በአውቶቡስ ስምንት ሰዓት ሙሉ ወደሚጓዙበት፣ ወረድኩ። አልተከራከርኩም። ደስ ሳይለኝ አልቀረም እንዲያውም፣ አንድ ሰው ቀጣኝ ብዬ።

ሃስኬት እዛ ምዕራብ ጠረፍ ሦስት ጨዋታ ላይ ወረወረ። አንደኛው ጥሩ ነበር። ሁለተኛው መካከለኛ። በሦስተኛው አራተኛ ዙር ላይ አንድ ኳስ ወርውሮ ክርኑን ይዞ ቁጭ አለ፣ ከዛ ወዲህ ኳስ አልወረወረም። የካሎዌይ ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ምን አሉ? "ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የለወጥነው!" አሉ። "አይሂድ" ይሉ የነበሩት ናቸው እንደዛ የሚሉት። ያ አዲሱ ቀላቢም ጎበዝ ወጣው፣ ሲመታ ኳሱን ከስታዲየሙ ኋላ ካለው ወንዝ ማዶ ነው የሚልካት አሉ። እንደ ልውውጥ ከሆነ፣ ጥሩ ልውውጥ ነው። ፀጉር ቤት ብትጠይቀኝ እኔም እንደዛ እላለሁ።

ጨዋታ በማይኖርበት ክረምት አርካንሶ አጎቴ ጎሚስታ ቤት እሠራለሁ። ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ጎማ እየፈታሁ ስልኬ ጮኸ፣ እጄ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ በክርኔ ነው የከፈትኩት።

"ቅንቅን" አለ።

"ሽማግሌ! አለህ? ክንድህስ?"

"ማንኪያ ያነሳል።" የት እንደሆነ ጠየቅኩት። ካሎዌይ፣ አባቱ ቤት ነው። ቤቱን ልትሸጠው ነው አልኩት፣ አልሸጥም አለ። ስለ ጎማ ትንሽ አወራን። እንደዛ ስናወራ ቆየንና "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ያን ቀን አባባ ምን ነበር ያለው? እንደገና ንገረኝ።"

እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ አልነበረም። ጎማው እግሬ ላይ ሊወድቅ ነው፣ አጎቴ "ፍጠን!" ይላል። "'ሂድ፣ እኮራብሃለሁ' ነው ያሉት" አልኩ።

"ያኔ 'አሸንፍ' ነበር ያልከኝ" አለ።

ጎማውን ለቀቅኩት። ወደቀ፣ ተንከባሎ ግድግዳ መታ።

"ሮይስ። አሁን ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ፈርሜያለሁ፣ ሄጃለሁ፣ ክንዴም አልቋል። ያለውን ብቻ ንገረኝ።"

ነገርኩት። እኔን እሱ እንደመሰልኳቸው፣ ማልያዬን እንደዳበሱ፣ "አቤት" እንዳልኩ። ከዛ ቃሉን አንድ ሳልጨምር ነገርኩት፦ "የት ልትሄድ ነው? እኔን ማን ያመጣኛል?"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ እንዲሰድበኝም ፈልጌ ነበር። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"አዎ" አለ። "እሱ ነው። አባባ እንደዛ ነው የሚለው።"

ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም። አጎቴ ከውጭ ይጣራል፣ ባለመኪናው ጥሩንባ ይነፋል፣ እኔ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ቆሜያለሁ። ማዶ እሱ የሚተነፍሰው ብቻ ነበር የሚሰማው።